የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ድረ-ገጽ የኮምፒውተራችንን ፋይል እንዲያነብና እንዲያስቀምጥ መፍቀድ

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች በርከት ያሉት በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ሆነው ስላገኘናቸው የዚህን እትም ዓምድ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። ጉዳዩ በብሮውዘር ውስጥ የሚሠራ ስክሪፕት (ድረ-ገጹ ይዞት የሚመጣ የፕሮግራም ኮድ) በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ያለን ፋይል መክፈትና ማስቀመጥ የሚችለው እንዴት ነው፣ እስከምን ድረስስ ሊፈቀድለት ይገባል የሚል ነው። ጥያቄዎቹን ስናሳጥር የጠያቂዎቹን ስም ትተናል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። የክፍሌን ማርክ ሊስት የምይዝበት ትንሽ ገጽ በኤችቲኤምኤልና በጃቫስክሪፕት ራሴ ሠርቻለሁ። ገጹ ዴስክቶፕ ላይ ተቀምጦ በክሮም ይከፈታል፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። የተማሪዎቹ ውጤት ያለው ግን አጠገቡ በተቀመጠ ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። ገጹ ይህን ፋይል በራሱ እንዲከፍት፣ ማርክ ሳርምም እዚያው ላይ እንዲያስቀምጥ ፈልጌ የፋይሉን አድራሻ ኮዱ ውስጥ ብጽፍ ብሮውዘሩ እምቢ አለኝ። ያለኝ መላ በየጊዜው ዳውንሎድ ማድረግ ብቻ ስለሆነ፣ ዳውንሎድስ ፎልደሬ ስማቸው አንድ ሆኖ መጨረሻቸው ላይ በቅንፍ ቁጥር በተጨመረባቸው ፋይሎች ተሞልቷል፤ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነም ይምታታብኛል። አንድ ባልደረባዬ የክሮምን ጥበቃ አጥፍቶ የሚያስነሳ ትእዛዝ ሰጥቶኛል። ልጠቀምበት?

መልስ፦ አይጠቀሙበት። እንዲህ ያሉ ትእዛዞች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው አንድ ድረ-ገጽ የሌላውን መረጃ እንዳያነብ የሚከለክለውን አጥር ያነሳል፤ በዚያው ክሮም ኢሜይልዎን ከፍተው ከሆነ በሌላ ታብ ያለ ገጽ ሊያነበው ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ ከዲስክ ላይ የተከፈተ ማንኛውም ገጽ ሌሎች የዲስኩን ፋይሎች እንዲያነብ ይፈቅዳል፤ ማንኛውም ሲባል እርስዎ የሠሩት ብቻ ሳይሆን ሰው በቴሌግራም የላከልዎትና ሳያስቡት በድርብ ክሊክ የከፈቱት የኤችቲኤምኤል ፋይል ጭምር ነው። ይህን ሁሉ ዋጋ ከከፈሉ በኋላም ሁለቱም ትእዛዞች ስክሪፕቱ ዲስክ ላይ እንዲጽፍ አያስችሉትም፤ ስለዚህ የችግርዎ ዋናው ክፍል ሳይፈታ ይቀራል።

ብሮውዘሩ እምቢ ያለዎት በጭካኔ አይደለም። ከዲስክ ላይ የተከፈተ ገጽ አጠገቡ ያለውን ፋይል ማንበብ የሚችልበት ጊዜ ነበር፤ ፋየርፎክስ ለምሳሌ በአንድ ፎልደር ውስጥ ያሉ ፋይሎችን እንደ ቤተሰብ ይቆጥራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 በወጣው 68ኛው እትም ግን ይህን አስቀረው። ምክንያቱም ከኢሜይል ወይም ከመልእክት መላላኪያ የወረደ አንድ ተንኮለኛ ኤችቲኤምኤል ፋይል የሚያርፈው ዳውንሎድስ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ፣ ተጠቃሚው ሲከፍተው እዚያው ያሉትን የባንክ ሰነድ፣ የፓስፖርት ኮፒና ሌላውንም ሁሉ አንብቦ ወደ ውጭ ሊልክ ይችል ስለነበር ነው። ዛሬ ከዲስክ የተከፈተ እያንዳንዱ ገጽ ብቻውን የቆመ ባዕድ ተደርጎ ይታያል።

ለእርስዎ የሚስማማው መንገድ ሌላ ነው። ክሮምና የማይክሮሶፍቱ ኤጅ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ከወጣው 86ኛ እትማቸው ጀምሮ ‹‹ፋይል ሲስተም አክሰስ›› የሚባል ችሎታ አላቸው። አሠራሩ በአድራሻ ላይ ሳይሆን በምርጫ ላይ የተመሠረተ ነው። ገጽዎ ላይ ‹‹ማርክ ሊስት ክፈት›› የሚል ቁልፍ ያስቀምጣሉ፤ ቁልፉ ሲነካ ኮዱ ‹‹ሾው ኦፕን ፋይል ፒከር›› የሚለውን ተግባር ይጠራል፤ የተለመደው የዊንዶውስ ፋይል መምረጫ መስኮት ይመጣል፤ ፋይሉን የሚመርጡት እርስዎ ነዎት። ገጹ በምላሹ የሚያገኘው ‹‹ሃንድል›› የሚባል ነገር ነው። ቤተ መጻሕፍት ስንገባ ቦርሳችንን አስረክበን የምንቀበለውን ቁጥር ይመስላል፤ ቁጥሩን የያዘ ሰው ቦርሳውን ማስመጣት ይችላል እንጂ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለም ሆነ አጠገቡ የማን ቦርሳ እንደተቀመጠ አያውቅም። ገጹም የፋይሉን ስም ያውቃል፤ በየትኛው ፎልደር፣ በየትኛው የተጠቃሚ ስም ሥር እንዳለ ግን አይነገረውም። (በቀድሞው የፋይል መስቀያ ቁልፍም ይኸው ጥንቃቄ አለ፤ ስክሪፕቱ የፋይሉን አድራሻ ሲጠይቅ ብሮውዘሩ ‹‹ፌክፓዝ›› የሚባል የሌለ ፎልደር ስም ይሰጠዋል። ማክና ሊነክስ ላይም ሳይቀር ‹‹ሲ›› ድራይቭ ብሎ ይጀምራል።)

ማንበቡ በምርጫው ብቻ ይፈቀዳል። መጻፍ ግን ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ገጹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያስቀምጥ ሲል ክሮም ‹‹በዚህ ፋይል ላይ ለውጡ ይቀመጥ?›› ብሎ ይጠይቅዎታል። አንዴ ከፈቀዱ በኋላ የዚያ ገጽ ታቦች ሁሉ እስኪዘጉ ድረስ ደግሞ አይጠይቅም፤ ማርክ ባረሙ ቁጥር በዚያው ፋይል ላይ ይቀመጥልዎታል፤ በቅንፍ ቁጥር የተጨመረበት ኮፒም አይፈለፈልም። ሃንድሉን ብሮውዘሩ ውስጥ ባለው ‹‹ኢንዴክስድ ዲቢ›› በሚባለው የመረጃ ማከማቻ ካስቀመጡት በማግስቱ ፋይሉን እንደገና ከመፈለግ ይድናሉ፤ ፈቃድ መጠየቅ ብቻ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው 122ኛው የክሮም እትም ወዲህ ይህ ጥያቄ ሦስት ምርጫ ይዞ ይመጣል፤ ለዚህ ጊዜ ብቻ መፍቀድ፣ በመጡ ቁጥር መፍቀድ፣ አለመፍቀድ። ለራስዎ ገጽ ሁለተኛውን ቢመርጡ ጉዳት የለውም።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚሠራ ሰው ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው አንድ ነገር አለ። ገጹ ሲጽፍ በቀጥታ በዋናው ፋይል ላይ አይጽፍም። ክሮም አጠገቡ ጊዜያዊ ፋይል ይከፍታል፤ ፎልደሩን በዚያች ቅጽበት ቢያዩት የፋይልዎ ስም ‹‹ሲአር ስዋፕ›› የሚል ቅጥያ ተጨምሮበት ያገኙታል። ኮድዎ ‹‹ክሎዝ›› የሚለውን ተግባር ጠርቶ ሲጨርስ ጊዜያዊው በዋናው ቦታ ይተካል። ስለዚህ በመካከል ኮምፒውተሩ ድርግም ቢል የሚጠፋው የመጨረሻው ለውጥ ነው እንጂ የሴሚስተሩ ማርክ ሊስት አይደለም። የዚህ ሌላው ገጽታ ግን ብዙ ጀማሪዎችን ያስቸግራል፤ ‹‹ክሎዝ›› ማለትን ከረሱ ምንም የስሕተት መልእክት ሳይታይ ፋይሉ እንደነበረ ይቀራል፣ ወይም አዲስ ፋይል ከሆነ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ‹‹ጻፍኩ፣ ግን አልተጻፈም›› የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማየው ይህን መስመር ነው።

ሁለት ቅድመ ሁኔታዎችን ልብ ይበሉ። መምረጫው መስኮት የሚከፈተው ተጠቃሚው አንድ ነገር ሲነካ ብቻ ነው፤ ገጹ ገና ሲከፈት በራሱ እንዲመጣ ቢያዝዙት ብሮውዘሩ አይሰማዎትም። በተጨማሪም ኢንተርኔት ላይ ያለ ገጽ በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) የሚቀርብ መሆን አለበት። የእርስዎ ገጽ ኢንተርኔት ላይ ስላልሆነ እዚያው ኮምፒውተርዎ ላይ ከ‹‹ሎካልሆስት››፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ራሱን ከሚጠራበት አድራሻ እንዲቀርብ ቢያደርጉ ይሻላል፤ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ይህ የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ብሮውዘሩ ፈቃድንና የተቀመጠ ሃንድልን የሚይዘው በገጹ መነሻ አድራሻ ስለሆነ፣ ከአድራሻው መጨረሻ የሚጻፈውን የፖርት ቁጥር አይቀያይሩ፤ ትናንት በ8000 የተሰጠ ፈቃድ ዛሬ ገጹን በ8001 ቢከፍቱት የለም።

ከዚህ በተረፈ ኮዱ ከማስቀመጡ በፊት ፋይሉ በመጨረሻ የተለወጠበትን ሰዓት ሲከፍት ከነበረው ጋር እንዲያነጻጽር ያድርጉ። እርስዎ ገጹን ከፍተው ሳለ ሌላ ሰው ያንኑ ፋይል በኤክሴል አርሞ አስቀምጦ ከሆነ፣ ገጽዎ ሳይጠይቅ የራሱን ሲጭንበት የዚያ ሰው ሥራ ይጠፋል። ኮዱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ደግሞ ፍላሽ ላይ በየሳምንቱ ኮፒ መያዝ አይቅር።

ጥያቄ፦ ስቶክሆልም የምኖር ፕሮግራመር ነኝ። በአማርኛ ለሚጽፉ ሰዎች ብሮውዘር ላይ የሚሠራ የጽሑፍ ማረሚያ አዘጋጅቻለሁ። በክሮም ላይ ፋይል መክፈትና ማስቀመጥ በሚገባ ይሠራል፤ ፋየርፎክስ የሚጠቀሙትና አይፎን የያዙት ግን ‹‹ቁልፉ አይሠራም›› ይሉኛል። ይህ ችሎታ ወደ ሌሎቹ ብሮውዘሮች መቼ ይመጣል?

መልስ፦ ይመጣል ብለው ሥራዎን በዚያ ላይ አይመሥርቱ። ፋየርፎክስን የሚያዘጋጀው ሞዚላ የዘገየው ጊዜ አጥቶ ሳይሆን ተቃውሞ ስላለው ነው። የተቃውሞው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ ስክሪፕቶች የራሳቸው የፋይል ማስቀመጫ ቢኖራቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ የማይታወቅ ድረ-ገጽ የሰውን ዲስክ እንዲነካ ሲፈቀድ፣ ተጠቃሚው የሚፈቅደውን ነገር በእርግጥ ተረድቶ ተስማማ ለማለት የሚያስችል ጥያቄ መቅረጽ አይቻልም የሚል ነው። አፕልም በራሱ ብሮውዘር በሳፋሪ ላይ መምረጫውን አላስገባም። ክሮም ከተሠራበት ኮድ የተሠራው ብሬቭ እንኳ ይህን ክፍል አጥፍቶ ነው የሚያወጣው። እኔ በግሌ ለጽሑፍ ማረሚያ ዓይነት ሥራ የክሮምን መንገድ እመርጣለሁ፤ የሞዚላ ስጋት መሠረት የለውም ግን አልልም፤ ከታች ያለው ሦስተኛው ጥያቄ ራሱ ለስጋታቸው ምስክር ነው።

ሁሉም ትልልቅ ብሮውዘሮች የተስማሙበት ክፍልም አለ። ለእያንዳንዱ ድረ-ገጽ ተለይቶ የሚሰጥ፣ ብሮውዘሩ ራሱ የሚያስተዳድረው የግል የፋይል ማስቀመጫ ነው፤ ሳፋሪ ከ15.2 እትም፣ ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ከወጣው 111ኛ እትም ጀምሮ ይዘውታል። ፈጣን ነው፤ ፈቃድም አይጠይቅም። ነገር ግን እዚያ የገባ ፋይል በዊንዶውስ ኤክስፕሎረር አይታይም፤ ፍላሽ ላይ ገልብጠው ለሰው የሚሰጡት አይደለም፤ ተጠቃሚው የብሮውዘሩን ዳታ ባጸዳ ቀንም አብሮ ይጠረጋል። ሳፋሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አንድ ገጽ ሳይነካ ተጠቃሚው 7 ቀን ብሮውዘሩን ከተጠቀመ፣ የዚያ ገጽ ስክሪፕት ያከማቸውን ይሰርዛል። ለሁለት ሳምንት ወደ ክፍለ ሀገር የሄደ ጸሐፊ ተመልሶ ረቂቁን ቢያጣው የሚወቅሰው እርስዎን እንጂ ሳፋሪን አይደለም።

ስለዚህ ሁለት መንገድ ይዘርጉ። ኮድዎ መጀመሪያ የመምረጫው ተግባር መኖሩን ይጠይቅ፤ የብሮውዘሩን ስም ሳይሆን ተግባሩን። ካለ በእርሱ ይሥራ። ከሌለ ለመክፈት የተለመደውን የፋይል መስቀያ ቁልፍ፣ ለማስቀመጥ ደግሞ ዳውንሎድን ይጠቀም፤ የግል ማስቀመጫውን በመካከል ለሚቋረጥ ረቂቅ ብቻ ይተዉለት። የቁልፎቹንም ጽሑፍ ይለዩ። በፋየርፎክስ ላይ ‹‹አስቀምጥ›› ሳይሆን ‹‹ኮፒ አውርድ›› የሚል ቢሆን ተጠቃሚው የከፈተው ዋናው ፋይል እንዳልተለወጠ ይገባዋል። ረቂቁ ወደ ግል ማስቀመጫው ሲገባም ‹‹ተቀምጧል›› ብለው በደፈናው አይጻፉ፤ ‹‹በዚህ ብሮውዘር ውስጥ ብቻ ተቀምጧል›› ይበሉት። አንድ ቃል መቆጠብ እዚህ ላይ የሰው ሥራ ያስጠፋል።

ጥያቄ፦ ለድርጅታችን የማነሳቸውን ፎቶዎች ለማሳነስ አንድ ድረ-ገጽ ስከፍት ‹‹ፎልደር ምረጥ›› አለኝ። ከመረጥኩ በኋላ ገጹ ፋይሎቹን እንዲያይ፣ ቀጥሎም እንዲያርም ልፍቀድለት እንደሆነ ክሮም ጠየቀኝ። ፈርቼ ዘጋሁት። ፍርሃቴ ትክክል ነው?

መልስ፦ የመጠንቀቅ ልማድዎ ጥሩ ነው፤ መፍቀድ ሁሉ ግን ጥፋት አይደለም። ዋናው ነገር የሚፈቅዱት ምን እንደሆነ ማወቅ ነው።

‹‹እንዲያይ›› ሲባል ገጹ በፎልደሩ ውስጥ ያለውን ፋይል ሁሉ፣ በውስጡ ባሉ ንዑስ ፎልደሮች ያለውንም ጭምር ያነባል ማለት ነው። ያነበበውን ደግሞ ወደ ራሱ ሰርቨር ከመላክ የሚያግደው ነገር የለም። ‹‹እንዲያርም›› ሲባል ደግሞ እነዚያኑ ፋይሎች መቀየር፣ መሰረዝና በላያቸው መጻፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ባቀረቡት ጥናት፣ ጠቃሚ መሣሪያ መስሎ የቀረበ ገጽ የተሰጠውን ፎልደር ፋይሎች ቆልፎ ገንዘብ መጠየቂያ ሊያደርጋቸው እንደሚችል በተግባር አሳይተዋል። ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ፕሮግራም መጫን አላስፈለገም፤ ሥራውን ሁሉ የሠራው ተጠቃሚው ራሱ የፈቀደለት ብሮውዘር ነው። የቫይረስ መከላከያ ደግሞ ብሮውዘር ፋይል ሲጽፍ ማየት የለመደው ነገር ነው።

ክሮም በበኩሉ የተወሰነ አጥር አጥሯል። የዊንዶውስንና የፕሮግራሞችን ፎልደር ለማንም አይሰጥም። የተጠቃሚውን ዋና ፎልደር፣ ዶክዩመንትስንና ዳውንሎድስን በጅምላ ቢመርጡ ‹‹የሲስተም ፋይሎች አሉበት›› ብሎ ይመልስዎታል፤ በውስጣቸው ያለ ንዑስ ፎልደር ግን ይፈቀዳል። ‹‹ፎቶ›› የሚባል ፎልደር ውስጥ የአሥር ዓመት የቤተሰብ ፎቶ ይኑር የትናንት ሥራ፣ ብሮውዘሩ የሚለይበት መንገድ የለውም። ያ የእርስዎ ድርሻ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። አዲስ ባዶ ፎልደር እፈጥራለሁ፤ መጠናቸው የሚቀነሰውን ፎቶዎች ኮፒ አድርጌ እዚያ አስገባለሁ፤ ለገጹ የምሰጠው ያንን ፎልደር ብቻ ነው። ሥራው ሲያልቅ የገጹን ታቦች ሁሉ እዘጋለሁ፤ ‹‹በመጡ ቁጥር ፍቀድ›› የሚለውን ለማላውቀው ገጽ አልመርጥም። አንዳንዶች ኢንተርኔቱን አቋርጠው ገጹ መሥራቱን ከቀጠለ ‹‹ፋይሌን አይልክም›› ብለው ይደመድማሉ፤ ይህ አያዋጣም፤ ገጹ ያነበበውን ይዞ ቆይቶ ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሊልክ ይችላል። አስቀድመው የፈቀዱት ካለ ለመሻር አድሬስ ባሩ ላይ ከአድራሻው በስተግራ ያለውን ምልክት ይንኩና የዚያን ገጽ ፈቃድ ያንሱ። ጭራሽ ማንም ገጽ እንዳይጠይቅዎት ከፈለጉ ክሮም ሴቲንግስ ውስጥ ‹‹ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ››፣ ከዚያ ‹‹ሳይት ሴቲንግስ››፣ ከተጨማሪ ፈቃዶች ሥር ‹‹ፋይል ኤዲቲንግ›› የሚለውን ያገኛሉ፤ እዚያ መዝጋት ይቻላል።

የፎልደር ፈቃድ የሚጠይቁ ገጾችን ለሚሠሩ አንባቢዎቻችንም አንድ አስተያየት አለኝ። አንድ ፋይል ለሚበቃው ሥራ ፎልደር አይጠይቁ፤ ማንበብ ለሚበቃውም መጻፍ አይጠይቁ። የፎቶ ማሳነሻ ውጤቱን ለብቻው በተመረጠ ሌላ ፎልደር ቢያስቀምጥ ዋናዎቹን ፎቶዎች የማረም ፈቃድ ጨርሶ አያስፈልገውም ነበር።

ጥያቄ፦ መጋዘናችን ውስጥ የዕቃ ገቢና ወጪ የምንመዘግብበት አንድ ገጽ በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ይሠራ ነበር፤ ያለ ምንም ጥያቄ ዲስኩ ላይ ይጽፍ ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ስንገዛ አልሠራ አለ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ገጹ ‹‹አክቲቭ ኤክስ›› የሚባለውን የማይክሮሶፍት መንገድ የሚጠቀም መሆኑ አያጠራጥርም። በዚያ መንገድ ስክሪፕቱ ‹‹ፋይል ሲስተም ኦብጀክት›› የሚባለውን ጠርቶ የፈለገውን ፋይል በአድራሻው ይከፍታል፣ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፤ ባለቤቱ የሚችለውን ሁሉ ይችላል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ዓለምን ያዳረሰው ‹‹አይ ላቭ ዩ›› ቫይረስ በኢሜይል ተልኮ የሰዎችን ፎቶ በራሱ ቅጂ የተካው በዚሁ ኦብጀክት ነበር። ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 2022 አሰናብቶታል።

ለጊዜው ኤጅ ውስጥ ያለው የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሞድ ገጹን ሊያስነሳልዎት ይችላል፤ ማይክሮሶፍት ቢያንስ እስከ 2029 እንደሚያቆየው አስታውቋል። ይህን ጊዜ ግን ለመሸጋገሪያ ይጠቀሙበት። መዝገቡ በተራ ጽሑፍ ፋይል የተያዘ ከሆነ ለመምህሩ በተገለጸው መንገድ ገጹን እንደገና መሥራት ከባድ አይደለም። ከአንድ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ የሚመዘግብበት ከሆነ ግን ፋይሉን ትተው ትንሽ ዳታቤዝ ያስገቡ፤ ሁለት ብሮውዘሮች በየፊናቸው አንድ ፋይል ሲጽፉ የኋለኛው የፊተኛውን ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ የሠራሁት ገጽ የተማሪዎችን ስም በሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የሚለዩበት የሠንጠረዥ ጽሑፍ) ፋይል ያስቀምጣል። በኖትፓድ ስከፍተው አማርኛው ይነበባል፤ በኤክሴል ስከፍተው ግን የማይገባ የላቲን ፊደል ይሆናል። ብሮውዘሩ እያበላሸው ነው?

መልስ፦ ብሮውዘሩ አላበላሸውም። ስክሪፕት ጽሑፍ ሲያስቀምጥ የዓለምን ፊደላት ሁሉ በቁጥር የሚወክለውን ዩኒኮድን በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ ነው የሚጽፈው፤ በዚህ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ‹‹ሰላም›› የሚለው ቃል 9 ባይት ነው ማለት ነው። ኤክሴል በድርብ ክሊክ የተከፈተ ሲኤስቪን ብዙ ጊዜ በዊንዶውሱ የቆየ የላቲን አጻጻፍ ነው ብሎ ስለሚገምት እያንዳንዱን ባይት ለየብቻው ያነበዋል። ለዚህ ነው አንዱ ፊደል ሦስት ባዕድ ምልክት የሚሆነው፤ ሁልጊዜም በላዩ ጭረት ባለበት የላቲን ‹‹ኤ›› ይጀምራል።

መፍትሔው ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ‹‹ቦም›› የሚባለውን፣ ዓይን የማያየውን የ3 ባይት ምልክት መጨመር ነው። በጃቫስክሪፕት ከጽሑፉ በፊት ‹‹ኤፍኢኤፍኤፍ›› የሚለውን የዩኒኮድ ምልክት ማስቀደም ይበቃል፤ ኤክሴል እርሱን ሲያይ ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ያውቃል። ገጽዎ ያንኑ ፋይል መልሶ ሲያነብ ብሮውዘሩ ምልክቱን ራሱ ያስወግደዋል። ለሲኤስቪ ብቻ ያድርጉት፤ ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት የጄሰን ፋይል ላይ መጨመር የለበትም። ፋይሉ ቀድሞ ያለ ምልክቱ ተቀምጦ ከሆነም አልጠፋም፤ ኤክሴል ውስጥ ‹‹ዳታ›› ከሚለው ሥር ‹‹ፍሮም ቴክስት›› በሚለው ከፍተው አጻጻፉን 65001 ብለው ይምረጡለት።

ገጽዎ በሌሎች የተጻፉ የቆዩ ፋይሎችን የሚከፍት ከሆነ ግን ሌላ ችግር ሊገጥምዎት ይችላል። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ሲሆን፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ቢሮዎቻችን ዩኒኮድ ባልሆኑት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ሲጽፉ ቆይተዋል። በእነዚያ ፋይሎች ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ኮድ ነው፤ አማርኛ የሚመስለው ፎንቱ ሲሥለው ብቻ ነው። ስክሪፕትዎ ፎንቱን ሳይሆን ኮዱን ስለሚያነብ ቦም ቢጨምሩም ሆነ አጻጻፍ ቢቀይሩ አይስተካከልም፤ የዚያን ፎንት እያንዳንዱን ኮድ ወደ ዩኒኮድ ፊደል የሚመልስ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፤ ሠንጠረዡም ከፎንት ፎንት ይለያያል። እንዲህ ያለ ፋይል በእጅዎ ካለ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ለይተው ይላኩልን።